ኦርጅናሉ የትኛው ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ስንገዛ ከዋጋ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከዋጋ በፊት፣ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ኦርጅናል ነው?» የስልክ ስክሪን ይሁን፣ ቻርጀር ይሁን፣ ጫማ ይሁን፣ የመኪና ፍሬን ሸራ ይሁን፣ ጥያቄው አይቀርም። የሻጩም መልስ አይለወጥም፤ «ኦርጅናል ነው እንጂ፣ ምን ነካህ!» ይላል። ቃሉን በቀን አምስቴ ብንጠራውም ምን ማለታችን እንደሆነ ግን ብዙም አናስብም። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ማለታችን ነው? በመጀመሪያው ሠሪ እጅ የተሠራ? ወይስ ክፍሎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የኖሩ?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እንድይዘው ያደረገኝ ስልክም መኪናም አይደለም። የፑል ስቲክ ነው።

ፑል ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ «ስቲክ» ስል ምን እንደመጣባችሁ ይገባኛል። ግድግዳ የተደገፈ፣ ጫፉ የተላጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ስታንከባልሉት እንደ ሰካራም የሚወላገድ እንጨት። እኛ መካኒሳ ያደግን ልጆች የተማርነው በእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ከጀርመን አደባባይ ወዲህ ባሉት ፑል ቤቶች ውስጥ ካሉት አራት ስቲኮች «ትንሽ የሚሻለውን» ቀድሞ መያዝ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ስትወልቅ በሱፐር ግሉ ትለጠፋለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

የግል ስቲክ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ለሁለት ይፈታል። የታችኛው ወፍራም ክፍል መያዣው ነው። ጌጡ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ዞጲ፣ ሮዝዉድ፣ አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ የሚገባበት ሥራ፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተጠመጠመ የተልባ እግር ክር። የላይኛው ቀጭን ክፍል ሻፍት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሜፕል እንጨት ነው፤ ጌጥ የለውም። ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ቀለበት፣ ከእሷ በላይ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የቆዳ ቁራጭ አለች። ሁለቱ ክፍሎች መሐል ላይ በብሎን ይገጣጠማሉ። ሲገጠሙ ቁመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል።

አሁን ነገሩን ተመልከቱት። የአሮጌ ስቲክ ሰብሳቢዎች ብዙ ብር የሚከፍሉት ለታችኛው ክፍል ነው። ኳሱን የሚመታው ግን የላይኛው ነው። የሚያረጀውም እሱ ነው፤ ይጣመማል፣ በብርጭቆ ወረቀት በተጸዳ ቁጥር ይቀጥናል፣ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የድሮ ጥሩ ስቲኮች ብዙ ጊዜ ከሁለት ሻፍት ጋር ይሸጡ የነበረው። ሠሪው ራሱ ከሥራው አንዱ ክፍል ቀድሞ እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር።

አንድ የሰፈር ጓደኛ አለኝ። አባቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ጥቂት ዕቃዎች አንዱ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያለ አሮጌ ስቲክ ነበር። የሠሪው ስም የለበትም። ጋሼ ከአንድ ሽማግሌ ተጫዋች እንደገዙት ይናገሩ ነበር። ልጃቸውን ፑል ያስተማሩት በዚሁ ስቲክ ነው። ጋሼ ካረፉ በኋላ ስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተጋድሞ ክረምትና በጋ ተፈራረቁበት፤ ሻፍቱ ተጣመመ። ጓደኛዬ በስቲኩ መጫወት ስለፈለገ ሻፍቱን ልቀይር አለ። እህቱ የመለሰችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የአባዬ እጅ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ልክ ናት። ሲጫወቱ ቀኝ እጅ የሚይዘው ክር የተጠመጠመበትን ነው። ሻፍቱ ግን በግራ እጅ ጣቶች መሐል በእያንዳንዱ ምት ይመላለሳል። የጋሼ ሻፍት ከጫፉ እስከ አንድ ክንድ ድረስ ጠቁሮና ለስልሶ፣ አሮጌ የመቁጠሪያ ዶቃ መስሏል። ሜፕሉን እንደዚያ ያደረገው ቀለም አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። ልጁ ሊጥለው የፈለገው ክፍል በትክክል ይሄ ነበር።

«አንተ ኢንጂነር አይደለህ፤ አማራጩን ፈልግልን» ተባልኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሆኑ ማንንም አላሳሰበም። እኛ አገር ኢንጂነር ከተባልክ ከፍሪጅ እስከ ዲሽ ሁሉም ይመለከትሃል።

አማራጮቹ አራት ናቸው። አንደኛው አሮጌውን አጽድቶና አቃንቶ ማቆየት ነው፤ ግን የተጣመመ እንጨት ቢቃናም አየሩ ሲቀየር ወደ ልማዱ የመመለስ ዕድሉ ብዙ ነው። ሁለተኛው እንደ አሮጌው ያለ አዲስ የሜፕል ሻፍት ነው። የድሮ መጋጠሚያዎች የተለመደ ልክ ስላላቸው ይህ ከባድ አይደለም፤ የጋሼ ስቲክ ብሎን 5/16 ኢንች ውፍረትና በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ያለው፣ በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው። ሦስተኛው ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ የመጣው፣ ከተጣበቁ ቁርጥራጭ እንጨቶች የሚሠራውና ጫፉ እንዲቀል የሚደረገው ሻፍት ነው። አራተኛው ካርቦን ፋይበር ነው፤ እርጥበትም ሙቀትም አያጣምመውም።

በሁለተኛውና በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን እዚህ ልንገራችሁ። ነጯን ኳስ ከመሐሏ ሳይሆን ከግራ ጎኗ ብትመቷት ባነጣጠራችሁበት መስመር በቀጥታ አትሄድም፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ምክንያቱ የሻፍቱ ጫፍ ክብደት ነው። ምቱ ጫፉን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው ኳሷ ወደ ሌላው ትገፋለች፤ ጫፉ በከበደ መጠን ሽሽቱም ይጨምራል። ስለዚህ በድሮ ሻፍት የሚጫወት ሰው ሽሽቱን አስቦ ማነጣጠሪያውን ቀድሞ ያዛንፋል። አዲሶቹ ሻፍቶች ጫፋቸው ቀላል ስለሆነ ሽሽቱን ይቀንሱታል።

ይህን ሁሉ ለሁለቱም አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን የምህንድስና አልነበረም። እህት፦ «ሻፍቱን ከቀየርከው የአባዬ ስቲክ መሆኑ ቀረ» አለች። ወንድም፦ «ሻፍት እኮ የሚቀየር ነገር ነው፤ ጎማ ስትቀይሪ መኪናሽ ሌላ ይሆናል?» አለ።

ጭቅጭቁ በጣም ያረጀ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ እያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎች ደግሞ «ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1655 በታተመ መጽሐፉ ቶማስ ሆብስ ነገሩን አባሰው። አንድ ሰው አሮጌዎቹን ሳንቃዎች እየሰበሰበ አስቀምጦ መልሶ ቢገጣጥማቸውስ? አሁን ሁለት መርከብ አለ። የቴሴዎስ የትኛው ነው?

የሆብስ ጥያቄ ወረቀት ላይ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል። ጋሼ ቤት ግን የጨዋታ አልነበረም። ልጁ መያዣውን ወስዶ አዲስ ሻፍት ቢገጥምበት፣ እህት ደግሞ አሮጌውን ሻፍት ብታስቀምጥ፣ ብሎኑ የተለመደ ልክ ስለሆነ ነገ እሷም ሌላ መያዣ ልትገጥምለት ትችላለች። የአባትየው ስቲክ ማን ጋ ነው ያለው?

መጀመሪያ ያጸዳሁት ሐሳብ «ኦርጅናል» የሚባል ንጹሕ መነሻ አለ የሚለውን ነው። በአሮጌ ስቲክ ዓለም ትልቁ ስም ጆርጅ ባላቡሽካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሩሲያ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ በ1975 ያረፈ የእንጨት ባለሙያ ነው። ሥራዎቹ ዛሬ በጣም ውድ ናቸው። ነገር ግን ባላቡሽካ ያን የሾለ የእንጨት ስፌት ያለበትን ጥሬ አካል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሌሎች ነበር፤ መጀመሪያ ብራንስዊክ ከሚያመርተው ቲትሊስት ከሚባለው ተራ የፑል ቤት ስቲክ፣ ኋላ ደግሞ ከበርተን ስፔይንና ከጋስ ዛምቦቲ። አዎ፣ ተራ የፑል ቤት ስቲክ። ሰው ዛሬ «ኦርጅናል ባላቡሽካ» ብሎ የሚሳሳለት ዕቃ ሲጀመር የሌላ ሰው እጅ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን፣ ፖል ኒውማንና ቶም ክሩዝ የሠሩበትን «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» ፊልም ያያችሁ ደግሞ ባላቡሽካ ተብሎ የሚታየውን ስቲክ ታስታውሱ ይሆናል። እሱም ባላቡሽካ አልነበረም፤ ጆስ የሚባል ሌላ ሠሪ ያወጣው መሰሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ኦርጅናል መሆን በራሱ ጥሩነት አይደለም። በብዙ አሮጌ ውድ ስቲኮች ላይ ጫፏ ላይ ያለችው ነጭ ቀለበት፣ አንዳንዴም መጋጠሚያው፣ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት የቢሊያርድ ኳሶቹ ራሳቸው የዝሆን ጥርስ ነበሩ። የአፍሪካን የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ለማገድ እ.ኤ.አ. በ1989 ተወሰነ። እኛም አገር መጋቢት 2007 ዓ.ም. ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጥሏል። ያኔ «ጥንታዊ ነው፣ ያምራል፣ ኦርጅናል ነው» የሚለው ክርክር እሳቱን አላስቆመውም፤ ሊያስቆመውም አይገባም ነበር። በፕላስቲክ የተተካች ቀለበት ያለው አሮጌ ስቲክ ባይ «ተበላሸ» ከማለቴ በፊት ቆም እላለሁ። አንዳንድ መተካት ዕዳ መክፈል ነው።

ታዲያ መነሻው ንጹሕ ካልሆነ፣ ኦርጅናል መሆንም በራሱ ክብር ካልሆነ፣ «ያው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ባዶ ነው? አይመስለኝም። ግን ብቻውን ሲቆም መልስ የለውም። መልስ የሚያገኘው «ለምን ጉዳይ?» ሲባል ነው።

ገበሬን አስቡት። ማረሻው ሲበላ ይቀይረዋል፤ እርፉ ሲሰበር ሌላ ይጠርባል፤ ሞፈሩ ዕድሜውን ሲጨርስ አዲስ እንጨት ይቆርጣል። «ይህ የአምናው ነው?» ብሎ የሚጨነቅ የለም። ጉዳዩ ማረስ ስለሆነ የሚያርስ እስከሆነ ድረስ ያው ነው። መኪና ላይ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ ብትገጥሙ ማንም ወንጀለኛ አይላችሁም። ነገር ግን ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም አለ፤ ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩም መስተካከል አለበት። መንግሥት «መኪናው ያው ነው ወይ?» ብሎ ፍልስፍና ውስጥ አይገባም። የሚለው «ቀይር፣ ግን አስጽፍ» ነው።

እኔ በሙያዬ በየቀኑ የማደርገው ይህንኑ ነው። አሁን የምሠራበት ሲስተም ከአምስት ዓመት በፊት ሲጀመር ከተጻፈው ኮድ የቀረው ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ሁሉ ለቀዋል። ሆኖም ማንም «ሌላ ሲስተም ነው» አይልም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ተመዝግቧል። ኮዱ ሲቀየር ማንም አይናደድም። የሚያናድደው ሳይመዘገብ ሲቀየር ነው።

ስለዚህ ስቲኩን በሦስት ሰዎች ዓይን አየሁት። የመጀመሪያው ገዢ ነው። ለገዢ ያለብን እውነት ነው። ሻፍቱ ተቀይሮ «ሙሉ ኦርጅናል» ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው፤ «መያዣው አሮጌ፣ ሻፍቱ አዲስ» ብሎ መሸጥ ደግሞ ንጹሕ ንግድ ነው። እንጨቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው። ሁለተኛው ተጋጣሚ ነው። ለተጋጣሚ ስቲኩ የማን እንደነበረ ጉዳዩ አይደለም። ጉዳዩ በእኩል መጫወታችን ነው። የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት አንዱ ካርቦን ይዞ ሌላው የተወላገደ እንጨት ይዞ ሲጋጠሙ ቢያንስ «ከፈለግክ በዚህ ምታ» መባል አለበት። ጓደኛዬ ይሄን ያደርገዋል፤ ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተራው የደረሰ ሁሉ ይመታበታል።

ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ ወራሽ። ለወራሽ «እውነቱን ተናገር» አይበቃም። እህትና ወንድም አንዱ ሌላውን አልዋሸም፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊታቸው ነው። የሚያከራክራቸው አባታቸው ምን እንደሰጧቸው ነው።

እዚህ ላይ የረዳኝ ጓደኛዬ በወሬ መሐል የነገረኝ ነገር ነው። ጋሼ ሲያስተምሩት ከኋላው ቆመው «ጎኗን ስትመታ ኳሷ ትሸሽሃለች፤ የምትሸሽበትን አስቀድመህ ስጣት» ይሉት ነበር አለኝ። ምን ያህል መስጠት እንዳለበት በቁጥር አልነገሩትም። በዚያ ሻፍት፣ በዚያ ክብደት፣ በሺህ ምት እጁ ለመደው። ይህን ስሰማ የሻፍቱ ምርጫ ሌላ ትርጉም ያዘ። ካርቦኑን ቢገጥም ሽሽቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ከአባቱ የተማረው ልክ በአዲሱ ሻፍት ላይ ስህተት ይሆናል። የተሻለ ዕቃ ይዞ የአባቱን ትምህርት መርሳት ይጠበቅበታል። መሣሪያ ስንቀይር ብዙ ጊዜ የማናየው ዋጋ ይሄ ይመስለኛል፤ ዕቃው ብቻ አይደለም የሚቀየረው፣ በዕቃው ላይ የተሠራው ልምድም አብሮ ይሄዳል። አንዳንዴ ይሄ መልካም ነው፤ ክፉ ልምድ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ የሚሄደው የአንድ ሰው ድምፅ ነው።

ካርቦን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ብገዛ ምናልባት እሱን እገዛለሁ፤ የማስታውሰው የማንም ትምህርት በእጄ ላይ የለም። የሱ ሁኔታ ግን ከእኔ ይለያል። ስለዚህ ተራውን ሜፕል መረጠ፤ በውፍረትም በክብደትም ለአሮጌው የቀረበውን። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ደረሰ። ሲገጠም ብሎኑ ያለምንም ጭቅጭቅ ገባ። የመጀመሪያውን ቀን ጎን ሲመታ ኳሷ ድሮ እንደምትሸሸው ያህል ሸሸች፤ እጁም ያውቀው ነበር።

አሮጌው ሻፍት እህት ጋ ሄደ። አልተቃናም፣ አልተጸዳም፤ የጠቆረው እንደጠቆረ፣ የጎበጠው እንደጎበጠ ነው። እሷ የወረሰችው የአባቷን እጅ ነው፣ እሱ የወረሰው ማነጣጠሩን። ለሆብስ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይሄ ነው፤ የአባት ስቲክ የትኛው ነው ብሎ አንዱን ማሸነፍ ሁለቱም ያልጠየቁትን ጥያቄ መመለስ ነው። ይህ መልስ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ውርሱ ሁለት ክፍል ባይኖረው፣ ወይም ሁለቱም የሚፈልጉት አንዱን ክፍል ቢሆን ኖሮ አንዱ ማጣት ነበረበት፤ ፍልስፍናም አያድነውም ነበር።

ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አሁን አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። የማን እንደነበረ፣ ሻፍቱ መቼና ለምን እንደተቀየረ፣ አሮጌው ማን ጋ እንዳለ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሐሳቡ የኔ ነው፤ የሙያ በሽታ በሉት። ወደፊት የሚያገኘው ሰው፣ ልጅም ይሁን ገዢ፣ ምን እንደያዘ ይወቅ።

እህት ባለፈው ለሰንበት ቤታቸው መጥታ አዲሱን ሻፍት በጣቶቿ መሐል አሳልፋ አየችው። ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ የጠመኔው ሰማያዊ ይዞታል። መልሳ ለወንድሟ ሰጠችውና «ገና ነው» አለች።